አንድ ምት፣ አራት ጆሮ፦ ድራምን ቤት ውስጥ ስለመቅዳትና ሚክስ ስለማድረግ

ድራም ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳሁት ጓደኛዬ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ስምንት ማይክ ተውሰን ነበር። ለእያንዳንዱ ከበሮ አንድ አንድ ሰጠን። ሁለቱን ከሲምባሎቹ በላይ አቆምናቸው። የተረፈውን ደግሞ “ለማንኛውም” ብለን በሩ አጠገብ ተከልነው። እያንዳንዱን ለብቻው ስንሰማው ደስ ይል ነበር። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ይደልቃል፣ ስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ ያለው ጠፍጣፋ ከበሮ) ጥርት ብሏል። ስምንቱን አንድ ላይ ስንከፍታቸው ግን ድምፁ ሳሳ። ስኔሩ ካርቶን የሚመታ መሰለ። ኢኩዋላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) ስናዞር፣ ኮምፕሬሰር (ኋላ የማስረዳውን) ስንጨምርና ስንቀንስ አነጋን። አልዳነም።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ችግሩ በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለዚያ ርቀት ነው። ድራም መቅዳት ለሚጀምር ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ዕቃም ማይክ አይደለም፤ ሁለት ሜትር ሲባጎ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ድምፃዊ ስትቀዱ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ አፍ፣ አንድ ማይክ። ክራርም ጊታርም እንደዚያው። ድራም ግን ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ብዙ ነው። ኪክ አለ፣ ስኔር አለ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቶም የሚባል ከበሮ አለ፣ ሃይሃት የሚባሉ በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥንድ ሲምባሎች አሉ፣ ራይድና ክራሽ የሚባሉ ሲምባሎች አሉ። ሁሉም እጅ በሚደርስበት ቦታ ተጠጋግተው ተደርድረዋል። አንድ ሰው በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ባንድ ጊዜ ይጫወታቸዋል። ስኔሩ ላይ የተከላችሁት ማይክ ሃይሃቱንም ይሰማል። ቶሙ ላይ ያለው ስኔሩን ይሰማል። ከላይ የተሰቀለው ሁሉንም ይሰማል። ድርሻውን ብቻ የሚሰማ ማይክ የለም።

ስለዚህ አራት ማይክ ካላችሁ አንዷ የስኔር ምት አራት ጊዜ ትቀረጻለች ማለት ነው። አራቱ ጋ የምትደርሰው ግን በተለያየ ሰዓት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይለያል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፣ ከፍታው አይደለም። ስለዚህ ስሌቱ እኛም ጋ ይሠራል። በአንድ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ፣ ድምፅ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአንድ ክንድ ያንሳል።

ይህቺ ትንሽ ጊዜ ምን ታመጣለች? ድምፅ አየሩን እየገፋና እየሳበ ነው የሚሄደው። አንዱ ማይክ ግፊቱን በሚቀበልበት ቅጽበት ሌላው ስበቱን ከተቀበለ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉ። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ እኩል ቢገፉት በሩ እንደማይነቃነቀው ማለት ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር ልስጣችሁ። በስኔሩ ማይክና ከላይ በተሰቀለው ማይክ መካከል የ86 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ እንበል። ይህ 2.5 ሚሊሰከንድ መዘግየት ነው። ሁለቱ በእኩል ድምፅ ሲደመሩ መጀመሪያ የሚጠፋው 200 ኸርዝ ላይ ያለው፣ ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ የሚገፋና የሚስበው ድምፅ ነው። 200 ኸርዝ ደግሞ በብዙ ስኔር ላይ የድምፁ ሆድ ያለበት ቦታ ነው። የኛ ስኔር ካርቶን የሆነው ለዚህ ነበር። ሆዱን የበላው ሌላ ማንም አይደለም፣ የራሳችን ሁለተኛ ማይክ ነው። በኢኩዋላይዘር 200 ኸርዝን ብናነሳው ምንም አልመጣም። ያልተቀዳ ነገር ሳይሆን የተጣፋ ነገር ነበር የምናነሳው።

ባለሙያዎቹ ይህን ጉዳይ ፌዝ ይሉታል። በአማርኛ ከምናውቀው ፌዝ ጋር ዝምድና የለውም፣ ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው። ሁለት ማይኮች ሞገዱን እኩል ሲገፉና እኩል ሲስቡ “ፌዛቸው ገጥሟል” ይባላል። ድራም ቤቱ ውስጥ የሚቀዳ ሰው አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይማር ብባል፣ ይህን ነው የምለው።

አሁን ሲባጎው ይምጣ።

ግሊን ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ የድምፅ መሐንዲስ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ብዙ ትልልቅ ባንዶችን ቀድቷል፤ የሌድ ዘፕሊን የመጀመሪያ አልበም አንዱ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራ የማይክ አተካከል አለ። አራት ማይክ ብቻ ይበቃዋል። ለቤት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

የመጀመሪያው ማይክ ከስኔሩ በላይ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁልቁል እያየ ይሰቀላል። ሁለተኛው ከድራመሩ ጎን፣ ፍሎር ቶሙ (በእግሮቹ መሬት ላይ የሚቆመው ትልቁ ቶም) ባለበት በኩል ይቆማል። ከፍሎር ቶሙ ጠርዝ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ፊቱን ቁልቁል ሳይሆን አግድም፣ በፍሎር ቶሙ ላይ አሳልፎ ወደ ስኔሩና ወደ ሃይሃቱ ያዞራል። ዋናው ነገር ሁለቱም ከስኔሩ እምብርት እኩል መራቃቸው ነው። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ስኔሩ መሐል ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ሌላውን ጫፍ እስከ ላይኛው ማይክ አፍንጫ ወጥሩና ቋጠሮ አስሩበት። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ ወደ ጎኑ ማይክ አዙሩት። ቋጠሮው የጎኑ ማይክ አፍንጫ ላይ ካላረፈ ስታንዱን ግፉ ወይም ሳቡ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ስኔሩ ሁለቱም ጋ እኩል ሰዓት ይደርሳል፤ ስለዚህ በመሐል ጠንክሮ ይቆማል።

እነዚህ ሁለቱ ኮንደንሰር ማይክ ቢሆኑ ይመረጣል። ኮንደንሰር የሲምባልን ቀጭን ድምፅ አጥርቶ ይይዛል። 48 ቮልት ስለሚፈልግ ሳውንድ ካርዱ (ማይኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) ላይ ያንን ቁልፍ መጫን እንዳትረሱ። ሦስተኛው ማይክ ለኪኩ፣ አራተኛው ለስኔሩ ነው። እነሱ ዳይናሚክ ይሁኑ፤ ምት አይፈሩም፣ ዋጋቸውም አይከብድም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው የሹር ኤስኤም 57 እስከ ዛሬ ድረስ ስኔር ላይ የሚቆም ማይክ ነው። ለኪክ ግን ወፍራሙን ድምፅ የሚችል፣ ለዚያው የተሠራ ማይክ ቢገኝ ልዩነቱ ይሰማል።

የቀረቡት ሁለቱ ማይኮች ከላይኞቹ ጋር መቼም እኩል ሰዓት ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ በጣት ርቀት፣ ሌላው በሜትር ርቀት ነው ያለው። እዚህ ላይ የምትረዳችሁ ቀረጻ በሚካሄድበት ሶፍትዌር ውስጥ ያለች፣ ክብ በመስመር የተሰረዘባት አንዲት ቁልፍ ናት። እሷን ስትጫኑ ሞገዱ ይገለበጣል፤ ግፊቱ ስበት፣ ስበቱ ግፊት ይሆናል። የላዩን ማይክና የስኔሩን ማይክ ብቻ ክፈቱ። ቁልፏን ጫኑ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ ጫኑ። ወፍራም የሆነው የቱ ነው? እሱን ምረጡ። ለኪኩም እንዲሁ አድርጉ። ከስኔሩ ሥር ሌላ ማይክ ካስገባችሁ ደግሞ ያ ማይክ መገልበጥ አለበት ብላችሁ ጀምሩ። ዱላው ሲያርፍ የላዩ ቆዳ ከላይኛው ማይክ ይሸሻል፣ የታችኛው ቆዳ ደግሞ ወደ ታችኛው ማይክ ይመጣል። ተቃራኒ ናቸው።

ትራኮቹን ኮምፒውተር ላይ በአይን እያዩ ወደፊትና ወደኋላ ገፍቶ ማስተካከል ይቻላል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ይቻላል። ነገር ግን ለስኔሩ ብላችሁ የላዩን ማይክ ስትገፉት፣ ያው ማይክ ውስጥ ያሉት ቶሙና ኪኩም አብረው ይገፋሉ። ያንዱን ፈውስ ለሌላው በሽታ ማድረግ ነው። እኔ ሲባጎውን እመርጣለሁ።

ክፍሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ቤቶች ከሌላው ይልቅ የሚያስቸግሩት በዚህ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ መስኮቱ ሰፊ። ጭብጨባ ብታደርጉ “ጭንንን” የሚል መልስ ይሰማችኋል። ያ መልስ እያንዳንዱ ማይክ ውስጥ ይገባል። ማይኮቻችሁን በሲባጎ ካስተካከላችሁ በኋላ ግድግዳው ሌላ ተጨማሪ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ምት ይሰጣችኋል።

ከሁሉ የከፋው ኮርኒሱ ነው። የላይኛው ማይክ ከኮርኒሱ 40 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ድምፁ አልፎት ሄዶ ኮርኒሱን መትቶ ሲመለስ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ይጓዛል። ከሁለት ሚሊሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ቅድም ስኔሩን ያሳሳው ዓይነት መዘግየት ነው ይሄ። ስለዚህ ያላችሁን ለስላሳ ነገር በሙሉ መጀመሪያ ወደ ላይ አስቡት። ከማይኩ በላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወጥሩ። ሁለት ጋቢ ደርባችሁ በገመድ ብትሰቅሉም ይሠራል፤ በተለይ ከኮርኒሱ በትንሹ ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ይበልጥ ይሠራል። ከድራሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፉ። ለኪኩም ይጠቅማል፣ በየምቱ ወደፊት እንዳይንሸራተት። ስፖንጅ ፍራሾችን ከድራመሩ ጀርባና ከጎኑ አቁሙ። መጋረጃውን ዝጉ። ሶፋውን አታውጡት፣ ሶፋ ጥሩ ድምፅ ጠጪ ነው።

ፍራሽ የማይነካው ነገርም አለ፣ እሱም የኪኩ ወፍራም ድምፅ ነው። አራት በአራት የሆነ ክፍል ብዙ ቤት ውስጥ አለ። በ4 ሜትር ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ይቆማል፣ እጥፉ 86 ኸርዝም እንዲሁ። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ስለሆነ ችግሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይደራረባል። አንድ ቦታ ላይ ኪኩ ያገሳል፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ደግሞ ይጠፋል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ድራሙን ከክፍሉ መሐል አውጡት። አንድ ሰው ኪኩን ይምታ፣ እናንተ ጆሯችሁን ይዛችሁ ዙሩ። ከዚያ ድራሙን አንድ ሜትር አንቀሳቅሱና ደግማችሁ ዙሩ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ቢሄድ አልሰስትም።

ስለ እንቁላል ካርቶን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእንቁላል ካርቶን ድምፅን ወደ ጎረቤት ከመሄድ አያቆምም። ድምፅን የሚያቆመው ክብደትና ቀዳዳ የሌለው መዝጊያ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ምላሽ መቀነስና ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጋቢው የመጀመሪያውን ይሠራል። ለሁለተኛው፣ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገርና ሰው ሥራ በሚውልበት ሰዓት መቅዳት ይሻላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዙ።

ያን ያህል ስለ ማፈን ካወራሁ በኋላ የተገላቢጦሹንም መናገር አለብኝ። ቤት ራሱ መሣሪያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌድ ዘፕሊን በ1971 እ.ኤ.አ. ላወጡት አልበም ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ ሲቀዱ፣ የድራመራቸውን የጆን ቦናምን ድራም ከደረጃው ሥር ባለው ባዶ አዳራሽ አቆሙት። የግሊን ታናሽ ወንድም አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክ ከላይ ከደረጃው ላይ ሰቀለ። የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ የሚጠና ነው። የደረጃ ቤት ያለው ሰው አንድ ማይክ እዚያ አቁሞ ይሞክር። ይህ የሚያምረው ግን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ምት ነው። ለፈጣን ምት ያንን ያህል ማስተጋባት አይመከርም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

ከማይክ በፊት ያለው

ያረጀ ቆዳ በማይክ አይታደስም። ቆዳ እያልኩ የምጠራው ዛሬ ፕላስቲክ የሆነውን ነው። ገንዘብ ካላችሁና አንድ ነገር መግዛት ብቻ ከቻላችሁ አዲስ ማይክ አትግዙ፣ የስኔሩን ቆዳ ቀይሩ። ሲታሰር ብሎኖቹን ዙሪያውን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያቀያየራችሁ አጥብቁ። ከዚያ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየብሎኑ አጠገብ በዱላ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ሁሉም ቦታ አንድ ቃና መስጠት አለበት። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ከበሮው ሲመታ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ሚክስ ላይ ማንም አያወጣውም። የሚጮህ ትርፍ ድምፅ ካለ ሶፍት አጥፋችሁ በፕላስተር ጠርዙ ላይ ለጥፉ። ኪኩ ውስጥ ትራስ አስገቡ። ቆዳውን ትንሽ ብቻ ይንካ፣ አትሙሉት።

ድራመሩ ደግሞ የመጀመሪያው ሚክሰር ነው። ቤት ውስጥ በሚቀዳ ድራም ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ሃይሃትና ክራሽ እየተደበደበ ኪኩና ስኔሩ መለሳለሳቸው ነው። ሃይሃቱ አራቱም ማይክ ውስጥ ስላለ ሚክስ ላይ ብቻውን ዝቅ ልታደርጉት አትችሉም። ስኔሩን ከፍ ስታደርጉ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ድራመሩን በአክብሮት “ሲምባሉን ቀለል፣ ከበሮውን ጠንከር” ማለት ያስፈልጋል። የቀዳችሁትን ወዲያው አሰሙት። ጎበዝ ድራመር አንዴ ከሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስለ ክሊክ፣ ማለትም በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሰማው የሰዓት ቆጣሪ ምት፣ አንድ ነገር ልበል። የኛ ችክችካ በ6 ለ 8 ነው የሚሄደው። ስድስቱ ትንንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ደግሞ ሦስት። ውበቱ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መሰማታቸው ነው። ሶፍትዌሩ ሳይነካ የሚሰጣችሁ ክሊክ ግን አራት አራት ይቆጥራል። እሱን በሦስቱ ትልልቅ ምቶች እንዲቆጥር ብታስተካክሉትም፣ ድራመሩ ሁለቱን ትልልቅ ምት እየተሰማው ከሆነ ክሊኩ ይታገለዋል። በትልልቆቹ ሁለት ምቶች ላይ አድርጉት፣ ወይም ስድስቱንም በቀስታ አሰሙት። “ይህ ድራመር ክሊክ አይችልም” የተባለ ሰው ክሊኩ በትክክል ሲስተካከልለት እንደ ሰዓት ሲሄድ አይቻለሁ።

የቀረጻውን መጠን በተመለከተ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። 24 ቢት ላይ አድርጉ። ትልቁ ምት በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ጫፍ ላይ ካለው ዜሮ 10 ዴሲቤል ያህል በታች ይሁን። ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቀደዳል፣ አይጠገንም። ዝቅ ያለ ግን በኋላ ይነሳል። ድራመር ለሙከራ ሲመታና ዘፈኑ ሲሞቅ ሲመታ አንድ አይደለም፣ ቦታ ተዉለት። ስምንት ማይክ የሚቀበሉ ሳውንድ ካርዶች ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን አዳፕተር ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ካርዱ ይጠፋል፤ በጣም የሚያምር ቀረጻ መሐል ላይ እንዲህ ቀርቶብኛል። ትንሽ ዩፒኤስ ያድናል።

ጆሯችሁንም አስቡለት። ድራም አጠገብ ድምፁ 100 ዴሲቤልን በቀላሉ ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲፈቅድ፣ ለ100 ዴሲቤል የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ድራመሩም፣ ማይክ እያስተካከለ አጠገቡ የሚንበረከከውም ጆሮውን ይሸፍን።

ሚክሱ

ብዙ ሰው ሚክስ የሚጀምረው ኪኩን ለብቻው ከፍቶ በማሳመር ነው። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን የሩቅ ማይኮች ብቻ ክፈቱ። የጎኑን ወደ አንድ ዳር እስከ ጫፍ፣ የላዩን ወደ ሌላው ዳር እስከ ግማሽ ውሰዱት። ሙሉው ድራም እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ የኪኩን ማይክ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ አምጡ፤ እግሩ መሬት የረገጠ ሲመስላችሁ አቁሙ። ስኔሩንም እንዲሁ። የቀረቡት ማይኮች ቅመም ናቸው፣ ወጡ ሌላው ነው። ፌዙ ከገጠመ እዚህ ድረስ ምንም ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ ድምፅ ማስተካከያ) ሳትነኩ የሚደመጥ ድራም ይኖራችኋል። ከሌለ ወደ ኢኩዋላይዘር አትሂዱ፣ ወደዚያች ክብና መስመር ወዳለባት ቁልፍ ተመለሱ።

ኢኩዋላይዘሩን መጀመሪያ ለመቀነስ ተጠቀሙበት። ኪክ ላይ ከ300 እስከ 400 ኸርዝ ያለው አካባቢ ብዙ ጊዜ የሳጥን ድምፅ አለው፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ይጠራል። ድልቂያው 60 ኸርዝ አካባቢ ነው። የመምቻው “ጠቅ” የሚለው ድምፅ ደግሞ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ። ይህችን ጠቅታ አትናቋት። አብዛኛው አድማጫችን ዘፈን የሚሰማው በስልክ ነው፤ የስልክ ስፒከር 60 ኸርዝን አያወጣም። ስልክ ላይ ኪኩ እንዳለ የምትናገረው ጠቅታዋ ናት። ስኔር ላይ ሆዱን 200 አካባቢ፣ ጥራቱን 5 ሺህ አካባቢ ፈልጉ። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፣ እያንዳንዱ ከበሮ የራሱ አለው።

ኮምፕሬሰር ጀማሪን በጣም የሚያስቸግር ዕቃ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ድምፁ ሲጮህ ፈጥኖ ቁልቁል የሚስብ፣ ሲያልፍ የሚለቅ እጅ አድርጋችሁ አስቡት። ያ እጅ ምን ያህል ቶሎ እንደሚይዝ አታክ ይባላል። ምን ያህል ቶሎ እንደሚለቅ ደግሞ ሪሊዝ። አታኩ በጣም ፈጣን፣ አንድ ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ እጁ የዱላውን ምት ራሱን ይይዘዋል፤ ስኔሩ ይደነዝዛል። ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ብታቆዩት ምቱ ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ጭራ ይያዛል፣ ስለዚህ ምቱ የጠነከረ ይመስላል።

ሪሊዙ ላይ ነው የኛ ሙዚቃ ጉዳይ የሚመጣው። መመሪያዎቹ በአብዛኛው አራት አራት ለሚቆጠር ምት የተጻፉ ናቸው። አንድ ችክችካ በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ይሄዳል እንበል። አንዱ ትልቅ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። ለሦስት ሲከፈል በእያንዳንዱ ትንሽ ምት መካከል 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ አለ። ኮምፕሬሰሩ ለመልቀቅ 300 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት የሚቀጥለው ምት እጁ ሳይለቅ ይደርሳል። ትንንሾቹ ምቶች ይታፈናሉ። ችክችካ ደግሞ ያለ እነሱ ችክችካ አይደለም። ሪሊዙን ከ150 በታች አውርዱና ስሙ፤ ጨዋታው ተመልሶ ሲከፈት ይሰማችኋል። ሪቨርብም ያው ነው። ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ማስተጋባት ቀስ ባለ ዘፈን ላይ ያምራል። እዚህ ላይ ግን አንዱ ምት ሳይሞት አሥራ አንድ ምት ይደርስበታል። አጭር ሪቨርብ ተጠቀሙ፣ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ። ቅድም የደረጃ ቤቱን ለፈጣን ምት አልመከርኩም ያልኩት ለዚህ ነው።

ቶም ላይ ለብቻው ማይክ ካላችሁ፣ ቶሙ በማይመታበት ጊዜ ትራኩን በእጃችሁ ቆርጣችሁ ዝም አሰኙት። በአንድ ዘፈን ውስጥ ቶም የሚመታው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ሥራው ሃያ ደቂቃ አይወስድም። የተከፈተ የማያስፈልግ ማይክ ሁሉ ተጨማሪ ዘግይቶ የሚሰማ ጆሮ ነው።

ሲያልቅ ሙሉውን ሚክስ ወደ ሞኖ አድርጉት፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይደመር። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ በስልክ ስፒከር ክፈቱት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ወደ ማዕድ ቤት ሂዱና ከዚያ ስሙ። ሞኖ ላይ የተጣፋ ነገር መደበቂያ የለውም። ስኔሩ ከነሆዱ ማዕድ ቤት ድረስ ከመጣ ፋይሉን አስቀምጡና ለድራመሩ ላኩለት። ካልመጣ ማይኮቹ ገና አልተነሱም፣ ሲባጎውም ስኔሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው።